ድሪቶ ስድብ አይደለም

ባለፈው ገና ሰሞን በአንድ የባህል ልብስ ባዛር ላይ ቦታ ልጠይቅ፣ ሁለት ዓመት የደከምኩበትን ብርድ ልብስ ተሸክሜ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ከመራጮቹ አንዷ ጫፉን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ አነሳችው፤ ገለበጠችው፤ ጀርባው ላይ ያሉትን ቋጠሮዎች አየችና መልሳ ለቀቀችው። «ይሄማ ድሪቶ ነው፣ እህቴ። እኛ የምንፈልገው ባህላዊ ሥራ ነው» አለችኝ።

ጠቅልዬ ወጣሁ። በሩ አጠገብ ቦታ የተፈቀደለት ነጋዴ ቀሚሶቹን ይሰቅል ነበር። ጠጋ ብዬ አንዱን ገለበጥኩት። ፊቱ ላይ በአረንጓዴና በወርቃማ የደመቀው ጥለት ከጀርባው የለም፤ ጀርባው ባዶ ነጭ ነው። ጨርቁ ፖሊስተር፣ ጥለቱ በማሽን የታተመ ቀለም። ድሩን ያደራ ሰው የለ፣ ማጉን የወረወረ እጅ የለ፣ ጥጡን የፈተለች እናት የለች። እሱ ባህላዊ ተብሎ ገባ። በእጅ የተፈተለው፣ በእጅ የተሸመነው፣ በእጅ የተሰፋው ድሪቶ ተብሎ ወጣ።

ያን ቀን የተናደድኩት ለራሴ መስሎኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ግን ንዴቴ ከእኔ አለፈ። የዚያች ሴት ፍርድ የእሷ ብቻ አይደለም፤ ሽሮ ሜዳ ላይ፣ መርካቶ ላይ፣ በየሰርገኛው ቤት በየቀኑ የሚሰጥ ፍርድ ነው። ሸማኔ የለመድነውን ይድገምልን፣ ከዚያ ወጣ ያለ ባህል አበላሸ ይባላል። ይህን ፍርድ አልቀበልም! የሽመና ባህላችን እዚህ የደረሰው በሙከራ ነው፤ የሚሞተውም ሙከራው የተከለከለ ዕለት ነው። ከልካዮቹም እኛው ገዢዎቹ ነን። የስህተቱን ዋጋ በሙሉ በሸማኔው ጫንቃ ላይ ጭነን፣ «ለምን አዲስ ነገር አይሠራም?» እንላለን።

ብርድ ልብሱ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። መሃሉ የእናቴ ጋቢ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነውና ሲያረጅ እንኳ ሁሉ ነገሩ በአንድ ጊዜ አያረጅም፤ የእናቴ ትከሻው ላይ ሳስቶ ተቀዶ፣ ከወገቡ በታች ግን ገና ጠንካራ ነበር። ጠንካራውን ቆርጬ አወጣሁ። ዙሪያውን በራሴ እጅ በሸመንኳቸው ቁራጮች ከበብኩት። አንዱ እናቴ በእንዝርት ከፈተለችው ጥጥ ነው፤ አንዱ ከመንዝ በግ ጠጉር፤ አንዱ የጉሎ ቅጠል ከሚበላው የሐር ትል ክር። አንዱ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ሸማኔ ቆርጦ ከሚጥላቸው የድር ጫፎች ነው። ጫፎቹን አንድ በአንድ ቋጥሬ ማግ አደረግኳቸው፤ ሴትየዋ ከጀርባው ያየቻቸው ቋጠሮዎች እነዚያ ናቸው። ጥጉ ላይ ያለችው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የዱንጉዛ ጨርቅ ቁራጭ ሽመና ያስተማሩኝ ጋሼ የሠሯት ናት። ሁሉን ደርቤ፣ ከዳር እስከ ዳር በመርፌ ጠቀምኩት።

ይህ ሥራ ድሪቶ ከተባለ፣ አዎ፣ ድሪቶ ነው። ደረተ ማለት ቁራጭ በቁራጭ ላይ ደርቦ ሰፋ ማለት ነው። የሥራ ስም ነበር፤ የድሃ መሳደቢያ ያደረግነው እኛ ነን። አያቶቻችን አንዷን ጋቢ ከልጅ እስከ ልጅ ልጅ ያደረሷት በመድረት ነው። መጀመሪያ ጋቢ፣ ስትሳሳ የአራስ ልጅ መጠቅለያ፣ ቀጥሎ ለሌላ ልብስ እራፊ፣ መጨረሻ የምጣድ ማሰሻ ትሆናለች። አንዲት ክር ሳትባክን ዕድሜዋን ትጨርሳለች። ያን የመሰለ የጨርቅ ዕውቀት የነበራት ቤት ዛሬ ሁለቴ ሲታጠብ የሚለቅ ቀለም ገዝታ፣ የደረተችውን እጅ ትንቃለች።

ሌላ አገር እንይ። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ፣ ወንዝ ሦስት ጎኑን በከበበው ጂስ ቤንድ በሚባል ቦታ የባሮች ልጆችና የልጅ ልጆች የሆኑ ጥቁር ሴቶች ለዘመናት ድሪቶ ሲደርቱ ኖረዋል። በእነሱ ቋንቋ ክዊልት ይባላል። ጨርቅ የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የእርሻ ሱሪ፣ የዱቄት ከረጢት፣ ያረጀ ሸሚዝ ነበር ያላቸው። እ.ኤ.አ. በ1942 ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሶቹን ቆራርጣ ብርድ ልብስ ሰፋች፤ በሐዘኗ ጊዜ በዚያ ልትሸፈን። ጉልበቱ ላይ የተለበጠው እራፊ፣ ፀሐይ ያነጣው ሰማያዊ፣ የኪሱ ጥላ ሳይቀር ጨርቁ ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2002 የእነዚህ ሴቶች ሥራ በሂዩስተን ከዚያም በኒው ዮርክ ትልልቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በ2006 የአገሪቱ ፖስታ ቤት ቴምብር አድርጎ አተመው። የሙዚየሙ ግድግዳ ክብር አልጨመረበትም፤ ክብሩ ሚዙሪ መቀሷን ያነሳች ዕለት ጨርቁ ውስጥ ነበረ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው። የእኛ ሚዙሪዎች በየጓዳው አሉ፤ የሠሩትን በእጃቸው ይዘው በር ላይ ሲቆሙ «ባህላዊ አይደለም» ብለን እንመልሳቸዋለን።

ባህላዊ ማለት ምን ማለት ነው? ጎንደር ትመልስ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ባለሙያዎች ቁመታቸው ከ5 ሜትር የሚበልጥ የሐር መጋረጃዎች ሠሩ። አሠራሩ እንደ ተራ ሸማ አልነበረም። የድሩን ክሮች ቀዳዳ ባላቸው ሰሌዳዎች አሳልፈው፣ ሰሌዳዎቹን እያዞሩ፣ ንጉሥና ንግሥት፣ ካህናትና አጃቢዎች ከክሩ ውስጥ እንዲወጡ አደረጉ። በዚህ ዘዴ ከተሠሩት ጨርቆች በዓለም ላይ እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ የሚገዝፉት ናቸው። አንዱ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደ። ሌላው ቶሮንቶ አለ። ሐሩ የጎንደር ምድር ያበቀለው አልነበረም፤ ባሕር ተሻግሮ በነጋዴ ጓዝ የመጣ ነው። ያ ባለሙያ «የአባቴ ክር ጥጥ ነው» ብሎ ሐሩን ቢመልስስ ኖሮ? «እንዲህ ያለ ግዙፍ ነገር ተሠርቶ አያውቅም» ብሎ ቢተወውስ? ዛሬ «ሀብታችን ይመለስልን» ብለን የምንጮህለት መጋረጃ በዚያ ዘመን አዲስ ሙከራ ነበር። ስንጮህለት ልክ ነን፤ ይመለስ። ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሞከረውን ከለንደን እየጠየቅን፣ ዛሬ የሚሞክረውን ከባዛር በር የምንመልስ ከሆነ ጩኸታችን ጎደሎ ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የአያቶቻችሁን ፎቶግራፍ አውጥታችሁ እዩ። ነጭ ቀሚስ፣ ቀጭን ጥለት፣ አንድ ወይም ሁለት ቀለም። ዛሬ ለሙሽራ የሚሠራው እስከ ጉልበት የሚወጣ ባለ ብዙ ቀለም ጥለት፣ ሳባ የሚባለው ክር፣ የሚያብረቀርቀው የፋብሪካ ክር ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። ያመጣው ማን ነው? ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ ወርዶ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ የሰፈረ ሸማኔ ነው። አዲስ ክር እጁ ሲገባ ከጥጡ ድር ጋር እንዴት እንደሚስማማ በጣቱ ፈትኖ፣ ቀለም በቀለም ላይ አሰናስሎ የፈጠረው ነው። እኛ «የጥንት» ብለን የምንለብሰው ውበት የእሱ ሙከራ ነው። እሱ ግን ስሙ የትም የለም።

ስሙ ቢነሳም ለክፉ ነበር የሚነሳው። ሸማ ለሚሠራ ሰው «ቁጢት በጣሽ» የሚል ስድብ ነበረን፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መሳደብ እስኪከለክሉ ድረስ ሥር የሰደደ ስድብ። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ መልኩን ቀየረ። ዛሬ «ቁጢት በጣሽ» የሚል የለም። «ስንት ነው የመጨረሻው? ኧረ ቀንስ፣ ክር አይደል እንዴ!» ነው የምንለው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን በየስብሰባው እንተርታለን፤ ድሩን ያደራውን ሰው ግን እናንቋሽሻለን። የጨርቁን ጌጥ ጥበብ ብሎ የጠራ ሕዝብ ጥበበኛውን እንዲህ ማየቱ ያሳፍረኛል።

ሙከራ ማለት ምን እንደሆነ ያልሞከረ ሰው አያውቅምና ከራሴ ልናገር። የመጀመሪያው ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ በጥጥ ድር ላይ የበግ ጠጉር ማግ ብጥል የጥጡ ልስላሴና የሱፉ ሙቀት በአንድ ጨርቅ ይገናኛሉ አልኩ። መንዞች ከበጋቸው ጠጉር ባናና ዝተት እየሠሩ ያን ብርድ ችለው ኖረዋል፤ እኔ ከጥጥ ጋር ላጋባው ፈለግሁ። ተሸምኖ ሲያልቅ ጨርቁ ቀጥ ብሎ፣ አምሮ ወጣ። በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኩት። ጥጡ ባለበት ቀረ፤ ሱፉ ተኮማተረ። የሦስት ሳምንት ሥራ ተጨማዶ እንደ ደረቀ ቆዳ ተኮራመተ። ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ግን ያንኑ ጨርቅ በመዳፌ ዳበስኩት። ሱፉ በተኮማተረበት መሃል የጥጡ ክር እንደ አረፋ ብድግ ብድግ ብሏል። በየአረፋው ውስጥ አየር አለ። አየር ደግሞ ሙቀት ይይዛል። ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ የሚያሞቀውም በየድርቡ መሃል አየር ስለሚይዝ ነው። ሁለተኛውን ስሠራ ሱፉን በጨርቁ ሙሉ ላይ በማግነት አልጣልኩም፤ አራት ጣት ጥጥ፣ ሁለት ጣት ሱፍ እያፈራረቅሁ፣ ማጉንም ላላ አድርጌ መታሁት። ሲታጠብ ሱፉ ባለበት ጠበበ፣ ጥጡ ባለበት ተነፋ። ስህተቱ ንድፍ ሆነ። ይህን ማንም ሊያስተምረኝ አይችልም ነበር፤ የተበላሸው ጨርቅ ነው ያስተማረኝ።

ሐሩም እንዲሁ። የጉሎ ቅጠል የሚበላው ትል የሚሠራው ቤት አንድ ጫፉ ክፍት ነው፤ ቢራቢሮው ሳይገደል ይወጣል። የተተወው ቤት እንደ ሌላው ሐር አንድ ክር ሆኖ የሚተረተር ሳይሆን እንደ ጥጥ የሚፈተል ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት እንዝርቷን አነሳች። ሰባ ዓመት ጥጥ ያውቅ የነበረ ጣት ሐሩ ላይ ተንሸራተተ፤ ክሩ ደጋግሞ ተበጠሰ። ጣቷን አመድ እያስነካች ቀስ ብላ ያዘችው። በሦስተኛው ቀን ልቃቂት ሆነ። «ይሄ ነገር ከጥጥ ይልቅ ሰነፍ እጅ ይጠላል» አለችኝ። ጥጥ መዳመጥ፣ በደጋን መንደፍ፣ ባዘቶውን ማለስለስ በልጅነቷ የተማረች ሴት በእርጅናዋ አዲስ ክር ለመደች። ባህል ያለው እዚህ ነው፤ በዚያ ጣት ውስጥ፣ የማያውቀውን ክር ለመያዝ ባልፈራው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰባት ናሙና ሠርቼ አምስቱ ተበላሽተውብኛል። አምስት ጊዜ ለመሳሳት የቻልኩት ሌላ መተዳደሪያ ስላለኝ ነው። ይህ እንዲገባኝ ያደረጉኝ ጋሼ ናቸው። አንድ ቀን በሥራዬ ተደስቼ «ጋሼ፣ እርስዎም እንዲህ ለምን አይሞክሩም? እጅዎ ከእኔ በብዙ ይበልጣል» አልኳቸው። መወርወሪያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ አንቺ ብትሳሳቺ ክር ይበላሻል። እኔ ብሳሳት ልጆቼ ጦማቸውን ያድራሉ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ማንም ሸማኔን «ፈጠራ የለውም» ሲል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ፈጠራ የሌለው ገዢው ነው! ነጋዴው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያል፤ «ይሄን ምሰልልኝ፣ ለእንቁጣጣሽ ይድረስ» ይላል። ክሩን ይቆጥራል፣ ቀኑን ይቆርጣል፣ ክፍያው በቁራጭ ነው። ጥለቱ በአንድ ጣት ካዘመመ ከዋጋው ይቀነሳል። ሸማኔው ከጥዋት እስከ ማታ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ፣ እንቁጣጣሽን፣ መስቀልን፣ ጥምቀትን እያባረረ ይሠራል። በየትኛው ሰዓቱ ይሞክር? በየትኛው ክር? በዚህ በተጨመቀ ዋጋ ምክንያት ከጋሞ ደጋ በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ እየመጡ፣ በትምህርት ዕድሜያቸው መወርወሪያ ሲወረውሩ የሚውሉ ሕፃናት እንዳሉ እናውቃለን። «ቀንስልኝ» ስንል የምንቀንሰው ከማን ላይ እንደሆነ እንወቀው። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ እኛ ይህን ሙያ ከአያያዛችን የተነሳ እየቀደድነው ነው።

«ታዲያ ሁሉም እንደፈለገ ያድርገው ነው የምትይው?» የሚሉኝ አሉ። አይደለም። ሸማ በፈርጁ ይለበሳል። ነጠላ ለለቅሶ ጥለቱ ወደ ላይ እንደሚሆን፣ ለቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደሚጣፋ የሚናገር ወግ አለ፤ ወጉን የናቀ ሙከራ እኔም አልወድም። ለዚህም ነው ጋሼ ዘንድ የመጀመሪያውን ዓመት ነጭ ሸማ ብቻ የሠራሁት፤ ድሩ እኩል እስኪወጠር፣ የጨርቁ ዳር ቀጥ እስኪል። ሕጉን ያላወቀ ሲስት ስህተቱ አያስተምረውም። ነገር ግን ወግን መጠበቅና ወግን ማሰር አንድ አይደሉም። ሊጠብቁት የሚፈልጉ ሰዎች ፖሊስተሩን በር ላይ ይመልሱት እንጂ ሐሩንና ሱፉን ለምን ይመልሳሉ?

ሌላም እሥር አለ፤ እሱንም ልፍታው። ሽመና ልማር ስል «ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ሴት ከጥጡ ፍሬ እስከ ልቃቂቱ ድረስ ያለውን ሥራ ሁሉ ትሠራለች፤ ክሩ ድር ሲሆን ግን እጇ ይቆረጣል። ክር የሚያውቀው እጅና ጨርቅ የሚያውቀው እጅ ሳይገናኙ እንዴት አዲስ ነገር ይወለዳል? የእኔ ሙከራ ሁሉ የተወለደው እናቴ የፈተለችውን ክር እኔው ራሴ ስለሸመንኩት ነው። የትኛው ክር ከመጠን በላይ እንደከረረ፣ የትኛው እንደላላ ገና ቀሰሙ ላይ ሳለ አውቀው ነበር። ከርሮ የተፈተለ ማግ ሲታጠብ ራሱን ሊያጠነጥን ይፈልጋልና ጨርቁን ያሸበሽበዋል፤ የላላው ይተኛል፣ ይለሰልሳል። ይህን ዕውቀት ለሁለት ሰው ከፍለን ለዘመናት አኖርነው። ጋሼ ይህን ተረድተው ጉድጓዳቸው ውስጥ አስቀመጡኝ፤ ጎረቤት ሲስቅባቸው ከሐሳባቸው አልተመለሱም። ክብሩ የሳቸው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀውን በግልጽ እጠይቃለሁ። ሸማ የምታሠሩ ሁሉ፣ ከአዲስ አበባም ሁኑ ከዋሽንግተን ለሰርግ የምታዙ፣ አዲስ ነገር ስትፈልጉ የናሙናውን ዋጋ ለብቻው ክፈሉ፤ ቢያምርም ባያምርም። ያ ገንዘብ የሸማኔው የመሳሳት መብት ነው። የባህል ልብስ የምትሸጡ፣ የታተመውን የታተመ፣ የተሸመነውን የተሸመነ ብላችሁ ሽጡ፤ በማተሚያ የወጣን ቀለም ጥለት ብሎ መጥራት ገዢንም ሸማኔንም መዝረፍ ነው። ባዛር የምታዘጋጁ፣ ውድድር የምትዳኙ፣ ሙያ የምታስተምሩ፣ ለተበላሸ ጨርቅ የሚሆን አንድ ጠረጴዛ አኑሩ። የተጨማደደው ናሙናዬ አጠገቡ ካልተቀመጠ ያማረው ከየት እንደመጣ ማንም አይገባውም። የሠራውንም ሰው ስም ጻፉበት።

ብርድ ልብሱን ከባዛሩ ይዤ የተመለስኩ ማታ እናቴ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ዓይኗ ደክሟል፤ በጣቷ ነው የምታየው። ፊቱን አልዳበሰችም፤ ገልብጣ ጀርባውን ያዘች። ከቋጠሮ ወደ ቋጠሮ ሄደች። የድር ጫፎቹን አለፈች፣ ሱፉን አለፈች፣ ሐሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይሄኛው እጄን ያደከመኝ ነው» አለች። ቀጥላ ጋቢዋን አገኘችና ዝም አለች። የታተመው ቀሚስ ጀርባ ላይ ማንም ሰው የራሱን እጅ አያገኝም። የእኔ ድሪቶ ጀርባ ላይ ሦስት ሰዎች አሉ።

የሚመጣው ገና እዚያው ባዛር እሄዳለሁ። ጠረጴዛው ላይ እዘረጋዋለሁ፤ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ።